ጠቅልሎ ጎንደር መግባት፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቅደም ተከተል

የቀበሌው ሠራተኛ ሦስቱን ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ፓስፖርቴን፣ የጋብቻ ወረቀቴን እና ድሮ እዚሁ ጎንደር የወሰድኩትን የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት። ጣቱን ከአንዱ ወደ አንዱ አሻገረና ቀስ ብሎ «እህቴ፣ የትኛዋ ነሽ?» አለኝ። የመጀመሪያው ስም በሦስቱም ላይ የእኔ ነው። ቀጥሎ ያለው ስም ግን ሦስት ዓይነት ነበር። በአንዱ የአባቴ፣ በአንዱ የባለቤቴ አያት፣ በሌላው ደግሞ የአባቴ ስም ሆኖ ፊደሉ የተዛባ።

ያን ለማስተካከል አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላው ሰው ያን አምስት ሳምንት እንዲተርፈው ነው።

ከ19 ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ስመለስ ጎንደር ለእኔ የእናቴ ቤት ነበረች። ለሁለቱ ልጆቼ ግን አዲስ አገር ናት። ቋንቋውን በጆሯቸው ያውቁታል እንጂ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ እዚህ የጻፍኩት ለተመላሽም፣ አብሮ ለሚመጣ ልጅና የትዳር ጓደኛም ይሆናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። እዚህ አገር ወረቀት ወረቀትን ይወልዳል። ባንክ ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ይጠይቃል። ፋይዳ ስልክ ቁጥር ይፈልጋል። ቀበሌ የኪራይ ውል ይጠይቃል። ሰውን የሚያደክመው የጉዳዩ ብዛት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ስቶ መመላለሱ ነው። የሁሉም ሥር ደግሞ ስም ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

እኛ የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ውጭ አገር ግን ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ አንዱ የአያቱን። ያገባች ሴት የባሏን ትወስዳለች። ልጅ ሲወለድ የአባቱን ስም ዘሎ የአያቱን ይዞ ያድጋል። እዚያ ይህ ማንንም አያስቸግርም። እዚህ ሲመጣ ግን ልጁ «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም የለም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ነጭ ወረቀት ውሰዱ። የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ስም በየሰነዱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ገልብጡ። ፓስፖርት፣ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት፣ የመንጃ ፈቃድ። የማይገጥመውን አክብቡበት። እዚያው ሊታረም የሚችለውን ከመምጣታችሁ በፊት አሳርሙ። የማይታረም ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ይህን እዚህ በፍርድ ቤት ማውጣት ይቻላል። ነገር ግን ምስክር ይጠይቃል፣ ቀጠሮ አለው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

የአማርኛውን አጻጻፍም አሁኑኑ ወስኑ። ስማችሁ ውስጥ ጸ ወይም ፀ፣ ሀ ወይም ሐ ወይም ኀ፣ ሰ ወይም ሠ ካለ፣ አንዱን መርጣችሁ ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ አድርጉት። በጆሮ ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው።

ሰነዶቹን ማረጋገጥ ቀጥሎ ይመጣል። የውጭ አገር ሰነድ በመጀመሪያ በዚያው አገር ሥልጣን ባለው አካል ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ጎንደር ከገባችሁ በኋላ ለአንድ ማኅተም ወደ አዲስ አበባ መመለስ ገንዘብም ጉልበትም ይበላል። ስታልፉ ሁለት ሦስት ቀን መድባችሁ ጨርሱት።

የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እዚያው ሆናችሁ አውጡ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተሰጠው መብት ነው መሠረታችሁ። ካርዱ ካላችሁ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ትኖራላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ቤት ማፍራት ትችላላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን አይጨምርም። ለልጆችም ለየብቻ አውጡላቸው። የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ስለ ጓዝ በአጭሩ። ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው የቀረጥ ነፃ መብት አለ። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ሳይሆን ከመጫኑ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁና የሚያስፈልገውን ደብዳቤ ያዙ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ ዕቃ አታምጡ። እዚህ 220 ቮልት ነው። እኔ የጁስ መፍጫዬን ገና ስሰካው ሽታው ቤቱን ሞላው፣ በዚያው ቀረ። ላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለባቸውም፤ ጀርባቸው ላይ 100-240 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

መንገዱን በአየር አድርጉት። ከአዲስ አበባ አዘዞ እስከሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱ ጸጥታ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ዕቃ በመኪና የምትልኩ ከሆነ በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ስልክ ብቻ

መጀመሪያ ዘመድ ቤት ወይም እንግዳ ማረፊያ እረፉ። በዚህ ሳምንት ሲም ካርድ አውጡ፣ ሌላውን ተዉት። ፓስፖርታችሁንና ቢጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር በ09፣ የሳፋሪኮም በ07 ይጀምራል። ሁለቱንም መያዝ አይከፋም፤ አንዱ ሲደክም አንዱ ይሠራል። ሲም ካርዱን በዘመድ ስም አታውጡ። በኋላ የባንኩም የፋይዳውም መልእክት ወደዚያ ቁጥር ስለሚመጣ በራሳችሁ ስም ይሁን። በስልክ ገንዘብ መላኪያና መክፈያ የሆነውን ቴሌብርንም በዚያው ቀን አስከፍቱ። ከባጃጅ እስከ ሱቅ ይጠቅማችኋል።

ቤት፦ ከክፍሉ በፊት ውሃውን ጠይቁ

ውጭ ሆናችሁ በቪዲዮ አይታችሁ ቤት አትከራዩ። ቪዲዮ ሳሎን ያሳያል፣ ውሃ አያሳይም። የጎንደር ቤት ዋናው ጥያቄ ውሃ ነው። ከተማዋ ሰፍታለች። አብዛኛውን ውሃ ስትቀዳበት የኖረችው የአንገረብ ግድብ ደግሞ ደለል ሞልቶበታል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ከሰፈር ሰፈር፣ አንዳንዴም ከላይኛው በር እስከ ታችኛው በር ይለያያል።

ደላላው «ውሃ አለ» ይላችኋል። አይዋሽም፤ ቧንቧው አለ። እናንተ ግን ጊቢው አጠገብ ያለች ሱቅ ግቡ፣ ለስላሳ ግዙና ባለቤቷን «እትዬ፣ እዚህ ውሃ በስንት ቀን ትመጣለች? ሌሊት ነው ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነቱ እዚያ ነው። ከዚያ ጊቢውን እዩ። ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር) አለ? ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ቤት ነው? የውሃ ግፊቱ ሮቶው ላይ ይወጣል ወይስ በፓምፕ ነው? ፓምፑ የማን ነው፣ መብራቱን ማን ይከፍላል? እኛ የተከራየነው ቤት ሮቶው 2,000 ሊትር ነው፤ የምንካፈለው ሁለት ቤተሰብ ነን። በጀሪካንም እንሞላለን። ልጆቼ አሁን ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምተው ከእንቅልፋቸው ይነሳሉ፣ «እማዬ፣ መጣች!» ይላሉ።

ቀጥሎ መብራት። ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሂሳቡ በምን ይከፋፈላል? የእንጀራ ምጣድ ይችላል? ይህን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። አንዳንድ ጊቢ ውስጥ አከራይ ምጣድ መጣድ ይከለክላል፤ አንዳንዱ ጋ ምጣዱ ሲበራ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ባለካርድ ቆጣሪ ከሆነ የቀድሞ ተከራይ ዕዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ለፍሪጅ ስታብላይዘር ግዙ። ተቋርጦ የሚመለስ መብራት ፍሪጅ ይገድላል።

ሰፈርን በተመለከተ፣ የምመርጥላችሁ እንደ ኑሯችሁ ነው። ፒያሳና አካባቢው ለእግረኛ ይመቻል፣ ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፤ ግን ጫጫታ አለው። ማራኪ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ስለሆነ ወጣት ይበዛበታል። አዘዞ ሰፋ ያለ ጊቢ ይገኝበታል፤ መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው ግን በየቀኑ ታክሲ ሊጋፋ ነው። ጎንደር ዳገት ናትና አረጋዊ ወላጅ ያለበት ቤት ከአስፋልት ስንት እርምጃ እንደሚርቅ በእግራችሁ ሂዳችሁ ለኩት።

የደላላውን ክፍያ ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ውሉን በጽሑፍ አድርጉ። ስማችሁ እንደ ፓስፖርታችሁ ይጻፍበት። ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ መጠየቅን ይከለክላል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ቀበሌውን ጠይቁ። ለማንኛውም ስድስት ወር አስቀድሞ የሚጠይቅ አከራይ ዘንድ አትቸኩሉ። የከፈላችሁትን በባንክ ወይም በቴሌብር አድርጉት፤ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ቀበሌ

ጎንደር ስድስት ክፍለ ከተማ አላት፦ ፋሲል፣ ዞብል፣ ጃንተከል፣ ማራኪ፣ አራዳ እና አዘዞ ጠዳ። ቀበሌያችሁ በየትኛው ሥር እንደሆነ አከራያችሁ ይነግሯችኋል።

የኪራይ ውሉን፣ ፓስፖርቱን፣ ቢጫ ካርዱንና ጉርድ ፎቶ ያዙ። ጉርድ ፎቶውን ቢያንስ አሥራ ሁለት አሳጥቡ፤ በየቢሮው ያልቃል። የሁሉንም ሰነድ ኮፒ በሦስት በሦስት አድርጉና ዋናውን ለየብቻ ያዙ። ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር ለምትመለሱ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት የሚያውቃችሁ ነዋሪ ምስክር ሊጠየቅ ይችላል። ድሮ በሌላ ቀበሌ ወይም ከተማ ተመዝግባችሁ ከነበረ ከዚያ መሸኛ ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል። የወላጆቻችሁ ቤት እዚሁ ከሆነ በእነሱ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ስማችሁ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ ነበረ። እናቴ ላለፉት 19 ዓመታት ሳታሰርዝ ኖራለች። ያ አሮጌ ቅጽ ከየትኛውም ወረቀት በላይ ረዳኝ።

ጠዋት ሂዱ። ሠራተኞቹን በአክብሮት አናግሩ። ለአባት «አንቱ» በሉ፤ በጎንደር ይህ ለጉዳያችሁ ከፎቶ ኮፒ አያንስም። የጎደለውን በቃል ሳይሆን በወረቀት ጻፉልኝ በሏቸው። አለዚያ ነገ ሌላ ሠራተኛ ሌላ ይነግራችኋል።

ቀኑን ራሳችሁ ቀይራችሁ ሂዱ

ይህ ለብቻው ርዕስ ይገባዋል። የታላቋ ልጄ የልደት ወረቀት በአሜሪካ አጻጻፍ 05/03/2014 ይላል። ሜይ 3 ማለት ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ግን ቀኑን አስቀድመው አነበቡትና ማርች 5 አደረጉት። ትክክለኛው ሚያዝያ 25 ቀን 2006 ነው። የተጻፈላት የካቲት 26 ቀን 2006 ሆነ። ልጄ በወረቀት ሁለት ወር ገደማ ቀድማ ተወለደች። ትንሽ ስህተት ይመስላል። ግን ትምህርት ቤቱ አንዱን፣ ሌላው ቢሮ ሌላውን ሲይዝ፣ ዓመታት ቆይቶ ፈተና ወይም ፓስፖርት ሲመጣ ጣጣ ነው።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የወሩን ስም በቃል አድርጋችሁ፣ በአንድ ወረቀት ጻፉ። «ሚያዝያ 25 ቀን 2006 ዓ.ም. (ሜይ 3 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.)» ተብሎ። ዓመቱን ስምንት ቀንሳችሁ ቀንና ወሩን እንዳለ አትተዉት፤ 05/03/2006 ብትሉ እዚህ ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው። ያን ወረቀት በየቢሮው ከፓስፖርቱ ጋር አብራችሁ ስጡ። ሰዓትም እንዲሁ። ቀጠሮ «ሦስት ሰዓት» ከተባላችሁ የጠዋቱ ዘጠኝ ነው፣ በውጭ አቆጣጠር።

ፋይዳ፣ ከዚያ ባንክ

የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው። ፎቶ፣ የአሥር ጣት አሻራና የዓይን አሻራ ይወሰዳል። ቁጥሩ በስልክ መልእክት ይመጣል። በሕግ የሚኖር የውጭ ዜጋም መመዝገብ ይችላል፤ ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለምና። ዋናው ጥንቃቄ አንድ ነው። መዝጋቢው መረጃውን ስክሪን ላይ ሲያሳያችሁ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ፊደል በፊደል አንብቡ። ከኋላችሁ ሰልፍ ቢኖርም አትፈሩ። አንድ ጊዜ የገባ ስህተት ወደ ባንኩም ወደ ሌላውም ይፈሳል።

ፋይዳው ሲደርስ ባንክ ክፈቱ። ከብር ሒሳቡ ጎን የዲያስፖራ ሒሳብ ጠይቁ፤ በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ማስቀመጥ ያስችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ስለተደረገ የባንኮች ዋጋ ይለያያል። ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ። በሻንጣ የያዛችሁትን ዶላር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በጉምሩክ አስመዝግቡና ወረቀቱን አትጣሉ። ባንክ ሲጠይቅ እሱን ነው የምታሳዩት። መንገድ ላይ አትመንዝሩ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ለዘረፋም ያጋልጣል።

ጥሬ ብርም ቤት ውስጥ ይኑር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ጎረቤቶቼ የሁለት ሳምንት ወጪ በእጃቸው ሳይዙ አይውሉም። ሰነዶቻችሁንም ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ያዙ።

ጤና

የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ቢያንስ የሦስት ወሩን ከነማዘዣው ይዛችሁ ኑ። የድርጅቱን የንግድ ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም አስጽፉ፤ እዚህ ፋርማሲ የሚያውቁት በዚያ ነው። ትልቁ ሆስፒታል የጎንደር ዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1947 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረ ነው፤ በሕክምና ትምህርት የቆየ ስም አለው። ሳትታመሙ ሂዱና በሩን፣ ድንገተኛ ክፍሉን፣ ካርድ የሚወጣበትን መስኮት እወቁ። በታመመ ልጅ ሌሊት በር መፈለግ አይመከርም።

ልጆች

ትምህርት የሚጀምረው መስከረም ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ግቡ፤ ምዝገባውም የሚደርሰው ያኔ ነው። የተረጋገጠ የውጤት ካርድ ይጠየቃል። አማርኛ ማንበብ ካልቻሉ ከመምጣታቸው ስድስት ወር በፊት ፊደል አስጀምሯቸው። ሠላሳ ሦስቱን በየቀኑ አንድ አንድ ቢይዙ እንኳ በአንድ ወር ገደማ ግዕዙን ይጨርሳሉ። ትንሹ ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት አለቀሰ። ያጽናናው ትምህርቱ አልነበረም፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር የተጫወተው ብይ ነው። ከሰዓት በኋላ በር ክፈቱላቸው፣ ወጥተው ይጫወቱ።

መንጃ ፈቃድና ቲን

የውጭ መንጃ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ይቀየራል፤ እንደ ሌላው ሰነድ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ንግድ ወይም ደመወዝ ያለው ሥራ የምትጀምሩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ያስፈልጋችኋል። ሁለቱም ከፋይዳ በኋላ ይቀላሉ።

እድር

ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እኔ ለሁለተኛው ወር አድርጉት እላለሁ። በሰፈሩ ማን የእድር ዳኛ እንደሆኑ ጠይቁ፣ ቤታቸው ሂዱ፣ «አባባ፣ ከእናንተ ጋር መሆን እንፈልጋለን» በሏቸው። መግቢያና ወርኃዊ መዋጮ ይነግሯችኋል። አዲስ ገቢ ለድንኳኑና ለዕቃው የሚከፍለው አለ፤ አትከራከሩ። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ በወር አንድ እሁድ ነው። መቅረት መቀጮ አለው፤ ለቅሶ አለመድረስ ግን ከመቀጮውም ይከብዳል።

እኛ ከተመዘገብን በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ አማቴ አረፉ። ሌሊቱን ለማንም አልደወልንም፤ የምንደውልለትን ሰው ገና አናውቅም ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ሁለት ጎልማሶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው ቆመዋል። ከኋላቸው ያቺ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ጀሪካን ውሃ ይዛለች።